የአንጎል ደም ሥር መዘጋትና ተጓዡ የረጋ ደም
ኢምቦሊዝም የሚባለው ሌላ ቦታ የተፈጠረ የረጋ ደም፣ ስብ ወይም አየር በደም ዝውውር ተጉዞ አንድን የደም ሥር ሲዘጋ ነው፤ እዚያው በቦታው የረጋ ደም የሚያስከትለው መዘጋት ግን በዚህ ስም አይጠራም። ብዙዎችን የሚያደናግረው የጉዞው አቅጣጫ ነው። ከእግር ደም መላሽ ሥር የተነሳ የረጋ ደም በቀኝ ልብ በኩል አልፎ ሳንባ ውስጥ ይቀራል፤ ወደ አንጎል የሚሻገረው በቀኝና በግራ ልብ መካከል እንደሚገኝ ቀዳዳ ያለ መተላለፊያ ሲያገኝ ነው። አንጎልን የሚዘጋው በአብዛኛው ከግራ ልብ ወይም ከአንገት ደም ቅዳ ሥር የሚነሳው ሲሆን፣ ባልታከመ የጉሮሮ ሕመም መዘዝ የልብ ቫልቫቸው የጠበበ ወጣቶችም ለዚህ ይጋለጣሉ።
ከዘጌ በጀልባ ተሳፍሮ ባሕር ዳር ለሚደርስ ታማሚ ሰዓቱ ወሳኝ ነው፤ የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው በተለምዶ ምልክቱ በጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ፣ ያውም አንጎል ውስጥ ደም አለመፍሰሱ በሲቲ ስካን ከተረጋገጠ በኋላ ስለሆነ፣ አንዱ ምልክት የሆነው የአፍ መጣመም የታየበትን ሰው ቤት ውስጥ አስፕሪን ማስዋጥ አይገባም።