በጅማ የስኳር ሕመምተኞች የነርቭ ጉዳት ልየታ

የስኳር በሽታ ነርቭን የሚጎዳው በዓመታት ውስጥ ቀስ በቀስ ሲሆን፣ ጉዳቱ ብዙውን ጊዜ ከእግር ጣቶች ጫፍ ተነሥቶ ወደ ቁርጭምጭሚትና ወደ ባት ይወጣል። አንዳንዱ ታማሚ እግሩን ሌሊት እንደሚያቃጥለው፣ እንደሚወረው ወይም በመርፌ እንደተወጋ ያህል እንደሚጠዘጥዘው ይናገራል። ይሁን እንጂ ጉዳቱ ከደረሰባቸው ሰዎች እስከ ግማሽ የሚሆኑት ምንም ምልክት ላይሰማቸው ይችላል። የልየታ ምርመራ በዋናነት ያስፈለገው ለእነዚህ ሰዎች ነው፤ የማያመው እግር ሐኪም ዘንድ ቀርቦ አቤት አይልምና። በዓለም አቀፍ መመሪያዎች መሠረት ዓይነት 2 ስኳር ያለበት ሰው በሽታው እንደታወቀ፣ ዓይነት 1 ያለበት ደግሞ በታወቀ በ5 ዓመቱ መመርመር ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ ምርመራው ቢያንስ በየዓመቱ ይደገማል።

ከአዲስ አበባ በደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ጅማ ዋናው የሪፈራል ተቋም የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ነው። የጅማ አካባቢ፣ ከጎንደር ጋር፣ የስኳርና የሌሎች ሥር የሰደዱ በሽታዎች ክትትል ከትልቁ ሆስፒታል ወጥቶ በሠለጠኑ ነርሶች አማካይነት በጤና ጣቢያዎች እንዲሰጥ ከተሞከረባቸው የኢትዮጵያ አካባቢዎች አንዱ ነው። ይህ ለነርቭ ልየታ በእጅጉ ይመቻል፣ ምርመራው ኤሌክትሪክም ሆነ ላቦራቶሪ አይፈልግምና።

በስፋት የሚሠራበት መሣሪያ ሞኖፊላመንት የሚባለው ቀጭን የናይለን ዘንግ ሲሆን፣ ቆዳ ላይ ተደግፎ ሲጎብጥ 10 ግራም የሚያህል ጫና ያሳርፋል። መርማሪው በመጀመሪያ ታማሚው ስሜቱን እንዲያውቀው እጁን ይነካዋል፤ ቀጥሎ ዓይኑን አስጨፍኖ የእግር አውራ ጣትን የታችኛ ገጽ፣ እንዲሁም ከአውራ ጣትና ከትንሿ ጣት ሥር ያለውን የመርገጫ ክፍል ለ2 ሰከንድ ያህል ይነካል። በእያንዳንዱ ቦታ ሦስት ጊዜ ይጠይቃል፤ ከሦስቱ አንዱን ሳይነካ የሚጠይቀው ታማሚው በግምት እንዳይመልስ ነው። ሲነካ ይሰማው እንደሆነ እንጂ ያመው እንደሆነ አይጠየቅም። መጅ ባወጣ ቆዳ ላይ ግን መሞከር አይገባም፣ ውጤቱ ያሳስታል። ሞኖፊላመንት ብቻውን ጅምር ጉዳትን ሊስት ስለሚችል፣ በሴኮንድ 128 ጊዜ በሚርገበገብ ሹካ መሰል የብረት መሣሪያ የንዝረት ስሜትን መፈተሽ፣ ወይም የመወጋትንና የሙቀትን ስሜት ማየት ይታከልበታል።

መሣሪያው በሌለበት ጤና ጣቢያ፣ በእንግሊዝ አገር በኢፕስዊች የተጀመረው የጣት ንክኪ ዘዴ ጥሩ ምትክ ነው፤ የሁለቱም እግሮች አውራ፣ መካከለኛና ትንሽ ጣቶች ጫፍ በአመልካች ጣት ቀስ ተብሎ ይነካል፣ ከስድስቱ ሁለትና ከዚያ በላይ ካልተሰሙ ጉዳት ይጠረጠራል። ይህንን የቤተሰብ አባልም ሊሠራው ስለሚችል ከዚህ በላይ ሊታወቅ የሚገባው ዘዴ ነው።

በጅማ ዙሪያ የምርመራውን ዋጋ ከፍ የሚያደርገው የኑሮው ሁኔታ ነው። በቡና ማሳ ውስጥ በባዶ እግር ወይም ጠባብ በሆነ የላስቲክ ጫማ የሚውል ሰው እሾህ ቢወጋው፣ ጫማ ቢልጠው ወይም እሳት ዳር እግሩ ቢቃጠል ላያውቀው ይችላል፤ ረጅሙ ዝናብም የጣቶቹን መሐል ያረጥባል። በሌላ በኩል ብዙ ሙስሊሞች በሚኖሩባት በዚህች ከተማ ለሶላት የሚደረገው ውዱእ እግርን በቀን ደጋግሞ ለማየት የተመቸ ጊዜ ነው፤ ከታጠቡ በኋላ የጣቶችን መሐል ማድረቅና የእግርን ሥር መመልከት ብቻ ይቀራል።

የተገኘው መደንዘዝ ሁሉ ግን የስኳር ውጤት አይደለም። የስኳር መድኃኒቱን ሜትፎርሚንን ለረጅም ጊዜ የሚወስድ ሰው የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ሊገጥመው ይችላል፤ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቱ አይሶኒያዚድ፣ አልኮልና የሥጋ ደዌም ነርቭን ይጎዳሉ። ከመቀመጫ ሲነሣ የሚያዞረው ታማሚ ደግሞ የደም ግፊቱ ተኝቶና ቆሞ ሊለካ ይገባል፤ የላይኛው ግፊት ሲቆም በ20 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ የውስጥ አካላትን የሚያዙ ነርቮች ሳይነኩ አልቀሩም ተብሎ ይጠረጠራል።

የሞተን ነርቭ የሚያድን መድኃኒት እስካሁን የለም፤ የስኳር መጠንን መቆጣጠር፣ በተለይ በዓይነት 1፣ ጉዳቱን ይከላከላል ወይም ያዘገያል። ስለዚህ የልየታው ውጤት በዋናነት የሚወስነው የክትትሉን ድግግሞሽ ነው። ስሜቱ ያልጠፋ ሰው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ስሜቱ ብቻ የጠፋ ከ6 እስከ 12 ወር፣ ከዚያ በተጨማሪ የእግር ቅርጽ መበላሸት ወይም የደም ዝውውር ችግር ያለበት ከ3 እስከ 6 ወር፣ ስሜቱ ጠፍቶ ቀድሞ እግሩ የቆሰለ ወይም የተቆረጠ ደግሞ ከ1 እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ እንዲታይ ይመከራል። ከሩቅ ወረዳ ለሚመጣ ታማሚ ይህ የሚሳካው ምርመራው ለብቻው ሌላ ቀጠሮ ሳያስፈልገው፣ መድኃኒቱን በሚወስድበት ቀን ጫማው ሲወልቅ ነው።