ስፔሻል ኒድስ ትረስት፦ ለአካል ጉዳተኛ የሚቀመጥ አደራ በአሜሪካ

በአሜሪካ ኤስ.ኤስ.አይ የሚባለውን ወርሃዊ ድጎማ የሚቀበል አንድ አካል ጉዳተኛ በስሙ ከ2,000 ዶላር በላይ ሀብት ሊኖረው አይችልም። የሚኖርበት ቤትና አንድ መኪና አይቆጠሩበትም። ይህ ጣሪያ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ ፈቀቅ አላለም፤ ኑሮው ግን የት እንደደረሰ የሚያውቅ ያውቀዋል። ስለዚህ አክስት በቅን ልቦና የተናዘዘችለት 30,000 ዶላር ድጎማውን ሊያስቆርጥበት ይችላል። ይበልጥ የሚያስፈራው ሜዲኬድ የሚባለውን የመንግሥት የጤና መድን ማጣት ነው፤ ቤት ድረስ መጥቶ የሚያጥበውና የሚያለብሰው ረዳት ብዙውን ጊዜ የሚከፈለው በእሱ ነውና።

ትረስቱ መላ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ንብረቱ በትረስቱ ስም ይቀመጣል፣ ባለአደራው ያስተዳድረዋል፣ ተጠቃሚው ግን «አውጣልኝ» ብሎ ማዘዝ አይችልም። ማዘዝ ከቻለ እንደ ራሱ ገንዘብ ይቆጠርበታል።

ዋናው ጥያቄ ገንዘቡ ቀድሞ የማን ነበር የሚለው ነው። የወላጅ ወይም የዘመድ ከሆነ፣ ተጠቃሚው ሲሞት የተረፈው ቤተሰቡ ለመረጠው ሰው ይተላለፋል። የራሱ ከሆነ፣ ለምሳሌ የመኪና አደጋ ካሳ፣ እ.ኤ.አ. በ1993ቱ ሕግ መሠረት ትረስቱ ተጠቃሚው 65 ዓመት ሳይሞላው መቋቋም አለበት፤ ሲሞትም ክፍለ ግዛቱ ለሜዲኬድ ያወጣውን ቀድሞ ይወስዳል። ሁለቱን ገንዘብ መቀላቀል ከባድ ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 2016 መጨረሻ ደግሞ ባለገንዘቡ ይህን ትረስት ራሱ ማቋቋም አይችልም ነበር፤ ወላጅ፣ አያት፣ ሞግዚት ወይም ፍርድ ቤት ያስፈልገው ነበር። በዊልቸር የሚሄድ ጠበቃ ለሌላው እየጻፈ ለራሱ መፈረም አይችልም ነበር ማለት ነው።

በዕለት ተዕለት ሥራው ባለአደራው ለሻጩ በቀጥታ ይከፍላል። ኮምፒዩተር ቢገዛለት ችግር የለውም። ያንኑ ብር በእጁ ቢሰጠው ግን ከጥቂት ዶላር በቀር ያህሉ ከድጎማው ይቆረጣል። የቤት ኪራይ ቢከፍልለትም እስከተወሰነ መጠን ይቀነሳል፤ ምግብ ግን እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 30፣ 2024 ወዲህ አይቆጠርም። ገንዘቡ ትንሽ ለሆነ ሰው ለትርፍ ያልተቋቋሙ ድርጅቶች የሚያስተዳድሩት የጋራ ትረስት አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 ሕግ የመጣው ኤብል የተባለው የአካል ጉዳተኞች የቁጠባ ሂሳብም አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ2026 ጀምሮ ጉዳቱ 46 ዓመት ሳይሞላው ለደረሰበት ሁሉ ተፈቅዷል።

አደራ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የ1952 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግም ከቁጥር 516 ጀምሮ ይደነግግለታል። በተለምዶ ግን ወላጅ ገንዘቡን በጤነኛው ልጅ ስም አድርጎ «ወንድምህን አደራ» ይላል። በአሜሪካ ሕግ ያ ገንዘብ የወንድም ነው፤ ቢፋታ ወይም ዕዳ ቢገባ አብሮ ሊሄድ ይችላል። ያንኑ ወንድም ባለንብረት ሳይሆን የትረስቱ ባለአደራ ማድረግ ይቻላል። ያኔ ሂሳቡን ከራሱ ሳይቀላቅል መያዝና ደረሰኝ ማስቀመጥ ሕጋዊ ግዴታው ይሆናል።