«ሲፈልጉ ያጠፉብናል»፦ ስለ ውጭ ባለሀብት ጅማ ላይ የሚወራው እና እውነታው

ሳፋሪኮም ከገባ ወዲህ ጅማ ውስጥ ቡና በተጠጣ ቁጥር የማይጠፋ ወሬ አለ። ቴሌው፣ መብራቱ፣ ባንኩ በውጭ ሰው እጅ ከገባ ምን ይውጠናል? ስጋቱ ባዶ አይደለም። ግን ብዙ ጊዜ የምንፈራው የማያስፈራውን ነው።

«ግልገል ጊቤ እኮ የጣሊያን ነው።»
አይደለም። የጣሊያኑ ተቋራጭ ሳሊኒ ሠርቶ አስረክቧል። እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ የጀመረው ባለ 184 ሜጋዋቱ ጣቢያ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ንብረት ነው። የሠራም ያበደረም ባለቤት አይሆንም።

«የውጭ ኩባንያ ሲያኮርፍ አጥፍቶብን ይሄዳል።»
ለፈቃዱ ብቻ 850 ሚሊዮን ዶላር የከፈለ ኩባንያ ኔትወርኩን ቢያጠፋ መጀመሪያ የሚከስረው ራሱ ነው። ደግሞም ማጥፋት ይታያል፣ ያስጠይቃል። የሚያሳስበው ድምፅ የሌለው ነገር ነው።

ጀርመን የደረሰባትን እንይ። ሬደን የሚባል ቦታ ላይ የአገሪቱ ትልቁ የጋዝ ማከማቻ አለ። ከመሬት በታች ነው፤ በሙቀት ወራት ይሞላል፣ በብርድ ወራት ይቀዳል። ባለቤቱ የሩሲያው የጋዝ ኩባንያ የጋዝፕሮም ቅርንጫፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 የሙቀት ወራት ማከማቻው ሳይሞላ ቀረ። ቧንቧ የዘጋ የለም፣ የፈነዳ ነገር የለም። ባለቤቱ ዝም ብሎ አልሞላውም፤ ሙላ የሚል ሕግም አልነበረም። ብርዱ ሲገባ ማከማቻው ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ከጥቂት ወራት በኋላ ሩሲያ ዩክሬንን ወረረች። ጀርመን ማከማቻዎች በግዴታ እንዲሞሉ የሚያዝ ሕግ ያወጣችውና የኩባንያውን አስተዳደር በመንግሥት እጅ ያደረገችው ከዚያ በኋላ፣ በ2022 ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይሄ ነው። ስለዚህ ውል ሲፈረም «ምን እንዳያደርግ ተከለከለ?» ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም። «ምን የማድረግ ግዴታ አለበት?» የሚለው ይበልጣል።

«ቻይና የስሪላንካን ወደብ በዕዳ ነጠቀች።»
ይቺ ወሬ በጣም ትወደዳለች። የሃምባንቶታ ወደብ እ.ኤ.አ. በ2017 ለቻይና ኩባንያ ለ99 ዓመት የተከራየው በ1.12 ቢሊዮን ዶላር ነው። ብድሩ ግን አልተሰረዘም፤ ገንዘቡ የገባው የአገሪቱን የዶላር ክምችት ለመደጎም ነው። ስሪላንካ ዶላር ቸግሯት አከራየች። ያም ቢሆን ደስ የሚል ታሪክ አይደለም፣ ግን ንጥቂያ አይባልም።

«የእኛ ከሆነ ሰላም ነው።»
እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሸወደው። ኢትዮ ቴሌኮም የእኛ ነው፤ የኔትወርኩ ዕቃ ግን በብዛት ከቻይናዎቹ ሁዋዌ እና ዜድቲኢ የተገዛ ነው። ዕቃው ሶፍትዌር አለው፣ ሶፍትዌሩ ይታደሳል። የሚያድሰው ማነው? ከርቀት የሚገባው ማነው? አክሲዮኑ የማንም ይሁን፣ ይህ ጥያቄ አይቀርም። እንግሊዝ በ2020 የሁዋዌ ዕቃ እስከ 2027 መጨረሻ ከ5ጂ ኔትወርኳ እንዲወጣ ስትወስን ሁዋዌ የቴሌ ኩባንያዎቿ ባለቤት አልነበረም። ዕቃ አቅራቢ ብቻ ነበር።

«ካስቸገሩ መንግሥት ይወርሰዋላ!»
መውረስ ቀላል ነው፤ ሒሳቡ ነው የሚከብደው። ጅቡቲ የዶራሌን የኮንቴይነር ተርሚናል ለዱባዩ ዲፒ ወርልድ በረጅም ጊዜ ውል ሰጥታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ውሉን አፍርሳ ተርሚናሉን ወሰደች። ጉዳዩ ለንደን የግልግል ችሎት ሄደና ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። ለነገሩ የኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ዕቃ አብዛኛው የሚያልፈው በጅቡቲ ነው። የጅማ ቡናም ባሕር የሚደርሰው በዚያው ነው። የውጭ አገር ንብረት በሆነ መሠረተ ልማት ላይ ተንጠልጥለን መኖር የጀመርነው ሳፋሪኮም ሲመጣ አይደለም።