የፓኖራማ ነፃነት ምንድን ነው?

«አደባባይ ላይ የቆመ ነገር የሕዝብ ነው። ፎቶውን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ እሸጠዋለሁ።» ሰሞኑን ደግሞ አንዱ ይህን ጽፎ «የፓኖራማ ነፃነት ይፈቅድልኛል» ብሎ ደመደመ። ስንቱን ዝም ብዬ አለፍኩ!

የፓኖራማ ነፃነት ከቅጂ መብት ላይ የተቀነሰች ትንሽ ፈቃድ ናት። አደባባይ ላይ በቋሚነት ያለን የጥበብ ሥራ ሠሪውን ሳታስፈቅድ ፎቶ አንስተህ ማተምና መሸጥ ትችላለህ። በጀርመን የቅጂ መብት ሕግ አንቀጽ 59 ላይ አለች። ወዳጃችን «አደባባይ»ን አይቶ «በቋሚነት»ን ዘለላት።

በ1995 (እንደ ፈረንጆቹ) አርቲስቶቹ ክሪስቶና ባለቤቱ ዣን ክሎድ በርሊን ያለውን የራይሽታግ (የጀርመን ፓርላማ) ሕንፃ ከ100,000 ካሬ ሜትር በላይ በሆነ ብርማ ጨርቅ ጠቀለሉት። ወጪውን የሸፈኑት የክሪስቶን ንድፎች እየሸጡ ነው። ለ14 ቀን ቆየ፤ 5 ሚሊዮን ያህል ሰው ጎበኘው። አንድ ድርጅት ፎቶውን ፖስትካርድ አድርጎ ቸበቸበው። ክርክሩ እስከ ጀርመን ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ። በ2002 የተሰጠው ውሳኔ፦ ሕንፃው ቋሚ ነው፣ ጥቅልሉ ግን ለጊዜው የቀረበ ትርኢት ነው፤ ካለፈቃድ አይሸጥም።

የሠርግ ድንኳን አስቡ። አስፋልቱ ላይ ይተከላል፣ መኪና ዞሮ ይሄዳል። መንገዱ የሰፈሩ ነው፤ ድንኳኑ ግን መንገድ ላይ ስለቆመ የሰፈሩ አይሆንም። እንዲያውም የደጋሹም ላይሆን ይችላል፣ የአከራዩ ነው። እዚህም እንደዚያው፦ የሕንፃው ባለቤት ወይም ማዘጋጃ ቤቱ «አንሳ» ቢልህ መብቱ የእሱ አይደለም። የሚጠየቀው አርቲስቱ ነው። ስሙን ከፎቶው ሥር መጻፍም ፈቃድ አይሆንም።

«ታዲያ ስንት ቀን ሲቆም ነው ቋሚ የሚባለው?» ቀን አይቆጠርም። የሚታየው ለምን ዓላማ እንደተቀመጠ ነው። አስፋልት ላይ በጠመኔ የተሣለ ሥዕል ዝናብ እስኪያጥበው እዚያው እንዲቆይ ከተተወ ቋሚ ሊባል ይችላል። መርከብ እንኳ ይባላል! አይዳ የተባሉት የመዝናኛ መርከቦች አፍንጫቸው ላይ ቀይ ከንፈርና ዓይን ተስሎባቸዋል። ያው ፍርድ ቤት በ2017 «መርከቧ ብትንቀሳቀስም ሥዕሉ ሁልጊዜ የሚታየው ከሕዝብ ቦታ ነው» ብሎ ፎቶውን ፈቀደ። የማይነቃነቀው ራይሽታግ ተከለከለ፣ ባሕር ላይ የምትዞረው ተፈቀደች።

ፎቶው ከመንገድ መነሳት አለበት፤ ከጎረቤት ሰገነት ወይም በድሮን ከሆነ ጀርመን ውስጥ ነፃነቱ ይቀራል። ለዕለት ዜና የሚነሳ ፎቶ ግን በሌላ አንቀጽ ነው የሚታየው። እንግሊዝ ሐውልት ትፈቅዳለች፣ የግድግዳ ሥዕል ግን አትጨምርም። ፓሪስ የኤፍል ማማው ራሱ ነፃ ነው፤ የማታ መብራቱ ግን የቅጂ መብት አለው።

አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ በጀርመን ሕግ አትጽናኑ። እዚያ ነፃ የሆነው ሕንፃ ብቻ ነው፣ ሐውልት ቋሚ ቢሆንም አይካተትም። ዋሽንግተን ያለውን የኮርያ ዘማቾች መታሰቢያ ታውቁታላችሁ፤ 19 የብረት ወታደሮች። ፖስታ ቤቱ ወታደሮቹ በረዶ ለብሰው የተነሱትን ፎቶ ቴምብር አደረገው። ፎቶ አንሺውን አስፈቅዷል፣ ቀራፂውን ግን አልጠየቀም። ቀራፂው ፍራንክ ጌይሎርድ ከሰሰ፤ መንግሥት ከ680,000 ዶላር በላይ እንዲከፍለው ተፈረደ።