«ማሳጅ ቤት ከፈተች» ሲባል ሰው የሚያስበውና እውነታው

ሰሜን ቨርጂኒያ ወይም ሜሪላንድ ውስጥ አንዲት ሐበሻ ምግብ ቤት ከፈተች ሲባል «እንኳን ደስ አላት» ይባላል። ማሳጅ ቤት ከፈተች ሲባል ግን መጀመሪያ ዝምታ ነው። ቀጥሎ «እናቷ ሰምተዋል?» የሚል ይመጣል። በዚህ ሥራ ዙሪያ ከምሰማቸው ወሬዎች መካከል ጥቂቶቹን ላንሳ።

«ማሳጅ ቤት እኮ… ያው ታውቂው የለ»

አዲስ አበባ ውስጥ «ማሳጅ» የሚል ሰሌዳ ይህን ስም ያተረፈው በከንቱ እንዳልሆነ አልክድም። አሜሪካም ውስጥ በማሳጅ ስም ሌላ ነገር የሚሸጥባቸው ቤቶች አሉ፤ ተገደው የሚሠሩ ሴቶችም አሉ። ጥፋቱ ከዚያ ተነስቶ ስደተኛ የከፈተውን ቤት ሁሉ በአንድ ከረጢት መክተቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ፍሎሪዳ ጁፒተር ከተማ ውስጥ ፖሊስ አንድ የእስያውያን ስፓ ላይ ድብቅ ካሜራ ተከለ፤ «የሰው ዝውውር» የሚለው ዜና አገሩን አዳረሰ። ብዙም ሳይቆይ ዐቃቤ ሕግ ራሱ የዝውውር ማስረጃ እንደሌለ ተናገረ፤ ቪዲዮውንም ፍርድ ቤት አልቀበልም አለ። በወሲብ ንግድ የተከሰሱ ነበሩ፤ ርዕስ የሆነው ዝውውር ግን ክስ እንኳ አልሆነም። ያንን ግን ማን ይሰማል።

ይህ ግምት ሰው ገድሏል። ማርች 16 ቀን 2021 አንድ ወጣት አትላንታና አካባቢዋ ባሉ ሦስት ስፓዎች 8 ሰው በጥይት ገደለ፤ ስድስቱ የእስያ ዝርያ ያላቸው ሴቶች ናቸው። ለፖሊስ የሰጠው ምክንያት ስፓዎቹ «ፈተና» ሆነውብኛል የሚል ነበር። ከሟቾቹ አንዷ ከባለቤቷ ጋር ልትታሽ የመጣች ደንበኛ ናት።

«እጄ ጥሩ ነው፤ ትምህርት ለምኔ?»

ይህን የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ እውነትም እጃቸው ጥሩ የሆነ ሰዎች ናቸው። ወጌሻ ያሳደገን ሰዎች ነን፤ ኳስ ሜዳ ላይ ቦርሳ ይዞ የሚሮጠውን ባለሙያ እንኳ ወጌሻ ነው የምንለው። ቨርጂኒያ ግን የማሳጅ ፈቃድ ለመስጠት ቢያንስ 500 ሰዓት ትምህርት ትጠይቃለች፤ ኒው ዮርክ 1,000። ቨርጂኒያ ውስጥ ፈቃዱን የሚሰጠው የነርሶች ቦርድ መሆኑ ብቻ ሥራው በምን ዓይን እንደሚታይ ይናገራል። 100 ጥያቄ ያለው «ኤምብሌክስ» የሚባል ፈተናም አለ።

ከትምህርቱ ትልቁ ቁም ነገር እንዴት እንደሚታሽ ሳይሆን መቼ እንደማይታሽ ማወቅ ይመስለኛል። ለምሳሌ አንዲት ደንበኛ ከአዲስ አበባ ረጅም በረራ አድርጋ መጣች እንበል። አንደኛው ባቷ ብቻ አብጧል፣ ይሞቃል፣ ያማታል። ወጌሻ ቢሆን ቅቤ ይዞ ይጠጋ ነበር። የተማረ ሰው አይነካትም፤ ቶሎ ወደ ሐኪም ይልካታል። የረጋ ደም ከሆነና ከቦታው ከተነቀለ ሳንባ ድረስ ይሄዳል።

«ፈቃዱን አንዴ ካወጣሁ አሜሪካ ሁሉ የእኔ ነው»

ቨርጂኒያ ካለችው አሌክሳንድሪያ የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ ሜሪላንድ መግባት የደቂቃዎች መንገድ ነው። ፈቃዱ ግን ድልድዩን አይሻገርም፤ ሜሪላንድ የራሷን፣ ዲሲም የራሷን ትጠይቃለች። የቤቱ ንግድ ፈቃድ ደግሞ ሌላ ነው፤ ከባለሙያዋ ፈቃድ ጋር አይምታታ።

«ዜጋ ካልሆንኩ ድርጅት አላቋቁምም»

ኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት) ለማቋቋም ዜግነትም ግሪን ካርድም አያስፈልግም። ወጥመዱ ሌላ ቦታ ነው፤ የድርጅቱ ባለቤት መሆን ውስጡ ገብቶ የመሥራት መብት አይሰጥም፤ ለዚያ የሥራ ፈቃድ ያስፈልጋል። የጥገኝነት ጉዳዩ ገና የሚታይ ሰውም የሥራ ፈቃድ ወረቀቱ በእጁ ካለ መሥራት ይችላል።

ብዙ ሰው የማያውቀውን አንድ ነገር ልጨምር። ኢትዮጵያና አሜሪካ በ1951 የተፈራረሙትና በ1953 ሥራ ላይ የዋለ የወዳጅነትና የኢኮኖሚ ግንኙነት ስምምነት አላቸው። በዚያ የተነሳ ኢትዮጵያዊ ገንዘቡን አሜሪካ አፍስሶ ንግዱን ራሱ ለመምራት «ኢ-2» የሚባለውን ቪዛ መጠየቅ ይችላል። በስፓ ንግድ የሚታወቁት ቻይናውያን ይህ በር የላቸውም፤ አገራቸው እንዲህ ያለ ስምምነት የላትምና። በሩ አለ ማለት ግን ማንም ይገባል ማለት አይደለም፤ የሚፈሰው ገንዘብ ለንግዱ የሚመጥን መሆን አለበት፤ ጠበቃም ያስፈልጋል።

«በሰዓት መቶ ዶላር! ምን ጎድሎሽ?»

መቶው የሰዓቱ ዋጋ ነው፤ የባለሙያዋ አይደለም። በሰው ቤት የምትሠራ ከሆነ ባለቤቱ ድርሻውን ያነሳል። ዓመቱ ሲያልቅ እንደ ተቀጣሪ ሳይሆን በግሏ እንደምትሠራ የሚቆጥራት 1099 የሚባለው ወረቀት ከተሰጣት ደግሞ ከገቢ ግብሩ ሌላ 15.3 በመቶ የግል ሥራ ግብር አለባት፤ ብዙ ሰው በመጀመሪያው ዓመት የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው። የራሷ ቤት ካላት ኪራዩ፣ ኢንሹራንሱ፣ ዘይቱ፣ በየደንበኛው የሚቀየረው አንሶላ፣ ቀጠሮ ይዞ የሚቀረው ሰው አለ። ከሁሉም በላይ ሥራው የሚሠራው በአውራ ጣት ነው። በቀን አምስት ሰው ማሸት ቀላል አይደለም፤ ክርንና የሰውነት ክብደትን መጠቀም ያልተማረች አንጓዋ ቶሎ ይታመማል።

«ይሄ የፈረንጅ ቅንጦት ነው»

አዲስ አበባ እኮ የተቆረቆረችው እቴጌ ጣይቱ የፍልውሃን ሙቅ ውሃ ወደው ነው። ታዲዎስ በለጠም ቦስተን ውስጥ በፀጉር ሥራ ቆይቶ ሲመለስ ቦሌ ላይ ቦስተን ዴይ ስፓን፣ ቢሾፍቱ ላይ ኩሪፍቱን ከፈተ፤ ሰውም አልሸሸም። ወይባ ጭስን ያህል የቆየ መታጠኛ ያላት ሴት ስቲም (የእንፋሎት መታጠኛ) አዲስ ነገር አይሆንባትም። ወይባውን አሜሪካ ውስጥ በስፓ ለማቅረብ የሚያስቡ አሉ፤ ጭሱን ከሕንፃው የእሳት ማንቂያ ጋር እንዴት እንደሚያስታርቁት እንጃ።