የጌም «ባላንስ» ምንድን ነው? ጠላትን እኩል ማሳደግ አይደለም

ባለፈው ቅዳሜ ደሴ ፒያሳ አንድ ፕሌይስቴሽን ቤት ገብቼ ተራዬን እጠብቅ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠ ወጣት ለጓደኛው ያስረዳል። «ባላንስ እኮ ቀላል ነው። አንተ አንድ ስታድግ ጠላትህም አንድ ያድጋል። እኩል ለእኩል።» ጓደኛው ገባኝ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። እኔን ግን አንጀቴን አሳረረኝ። ይህንኑ ነገር ኮምቦልቻ ካሉ ተማሪዎች ሰምቼዋለሁ። ከገዛ ተጫዋቾቼም ሰምቼዋለሁ። ጌም እንሠራለን ብለው ከተነሱ ልጆችም ሰምቼዋለሁ። እስካሁን ዝም ብያለሁ፤ አሁን ግን ልናገር።

እኔ የጠረጴዛ ጨዋታ አጫዋች ነኝ፤ ታሪኩን የምተርከው፣ ጠላቶቹንም የማንቀሳቅሰው እኔ ነኝ። ቅዳሜ ማታ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ባለው ቤታችን ውስጥ አራት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ፤ ቡና ይፈላል፤ ዳይስ ይጣላል። ጨዋታው ስለ ባሕር ወንበዴዎች ነው፤ ቦታው ካሪቢያን፣ ዘመኑ የ1700ዎቹ መጀመሪያ። ከአራቱ አንዱም ባሕር አይቶ አያውቅም። ማዕበል ስል ሁሉም የሚታያቸው የሐይቅ ውሃ ነው። ሌቭል ስል የተጫዋቹ የእድገት ደረጃ ማለቴ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ስህተቱ ከቃሉ የሚጀምር ይመስለኛል። ባላንስን «ሚዛን» እንለዋለን። ሚዛን ስንል ደግሞ ዓይናችን ላይ የሚመጣው የሰኞ ገበያው ሚዛን ነው። በአንዱ በኩል የብረት ኪሎ፣ በሌላው በኩል ሽንኩርት። ብረት ሲጨመር ሽንኩርትም ይጨመራል። ለሽንኩርት ጥሩ ነው፤ ጨዋታን ግን ይገድላል።

ቁጥሩን እንየው። አንድ ጀማሪ ወንበዴ በባለ 20 ፊቱ ዳይስ ላይ 5 ይደምራል። የነጋዴ መርከብ ጠባቂን ለመምታት 13 መድረስ አለበት። ስለዚህ 8 ወይም ከዚያ በላይ ከወጣለት መታ። ከ20ው ፊት 13ቱ ለእሱ ናቸው፤ 65 በመቶ። ወራት አለፉ። ያው ወንበዴ ስመ ጥር ካፒቴን ሆነ፤ አሁን 11 ይደምራል። አጫዋቹ ደግሞ «ባላንስ ላድርግ» ብሎ የጠባቂውን ቁጥር ወደ 19 ሰቀለው። አሁንም 8 ያስፈልገዋል። አሁንም 65 በመቶ። ጠባቂው ድሮ 10 ነጥብ ሕይወት ነበረው፤ አንድ ምት 5 ይቀንስለታል፤ በሁለት ምት ይወድቃል። አሁን 100 አለው፤ ምቱም 50 ይቀንሳል፤ በሁለት ምት ይወድቃል። ቁጥሩ ወፈረ እንጂ ምንም አልተለወጠም።

ይህን ያደረግኩት እኔው ራሴ ነኝ። መድፈኛዋን የምትጫወተው የአጎቴ ልጅ ናት። ወረቀቷ ላይ የድሮውን ቁጥር በላጲስ እያጠፋች አዲሱን ስትጽፍ ከርማለች፤ ከመደጋገሙ የተነሳ ወረቀቱ እዚያ ቦታ ላይ ሳስቶ ሊቀደድ ደርሷል። በዚያ ምሽት 11 ብላ ጻፈች። ዳይሱን ጣለች፤ 7 ወጣ። ደመረችና «18» አለች። «አይበቃም» አልኳት። ወረቀቱን አየች፤ እኔን አየች። «ታዲያ ምኑን አደግኩት?» አለችኝ። ተቆጥታ አልነበረም፤ የምሯን ነው የጠየቀችኝ። የምመልሰው አልነበረኝም።

በዚህ የሚሰናከለው የጠረጴዛ አጫዋች ብቻ አይደለም። በ2006 የወጣው የኤልደር ስክሮልስ አራተኛ ጌም፣ ኦብሊቪየን፣ ጠላቶቹን ከተጫዋቹ ጋር አብሮ ያሳድጋቸው ነበር። ሌቭልህ ከፍ ሲል መንገድ ዳር የሚዘርፍህ ተራ ሽፍታ በዓለሙ ውድ የሆነውን ጥሩር ለብሶ ይጠብቅሃል። እንዲህ ያለ ጥሩር ያለው ሰው ምን ቆርጦት ነው መንገደኛ የሚዘርፈው? ተጫዋቾች ለዓመታት ያነሱት ቅሬታ ይኸው ነበር፤ ልክም ነበሩ።

አሁን የሐረጎን ዳገት ላምጣ። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በዚያች አጭር መንገድ ከ500 ሜትር በላይ ሽቅብ ትወጣለህ። አንድ ሾፌር መጀመሪያ በአሮጌ አይሱዙ ሐረጎን ይወጣል እንበል። ማርሽ ይቀንሳል፤ ሞተሩ ይግላል፤ ረዳቱ ውሃ ይዞ ይጠብቃል። ሠርቶ፣ ቆጥቦ፣ ተበድሮ የተሻለ መኪና ገዛ። ያን ቀን ሐረጎ በአስማት በዚያው ልክ ቀጥ ቢልበትስ? ያው ማርሽ፣ ያው ሰዓት፣ ያው የጋለ ሞተር። ሰውየው «ለምን ገዛሁት?» አይልም? ፕሌይስቴሽን ቤት የሰማሁት «ባላንስ» ይህ ነው።

እውነተኛው ሐረጎ ግን አያድግም። ሾፌሩ ድሮ ያስለቀሰውን ዳገት በአዲሱ መኪና እያፏጨ ይወጣዋል። ይህ ደስታ የሚገባው ነው፤ ማንም ሊነጥቀው አይገባም። ከዚያ በኋላ የሚገጥመው ችግር ሌላ ዓይነት ነው። ባለ ተሳቢ ከባድ መኪና ሲይዝ ዳገቱ አያሳስበውም፤ ኩርባው ያሳስበዋል። አይሱዙው እንዳለ የሚታጠፍበትን ኩርባ ተሳቢው አይበቃውም። አይሱዙ ይዞ ያልፈራውን ቁልቁለት አሁን ይፈራዋል፤ ያ ሁሉ ጭነት ከኋላው እየገፋው ፍሬኑ ይግላል። ስለዚህ ገና ከላይ ማርሽ ቀንሶ ይወርዳል። ጎማው በዛ፤ ነዳጁ በዛ፤ ዕዳውም በዛ። ጠነከረ፤ ጥንካሬው ደግሞ የራሱን ጣጣ ይዞ መጣ። መንገዱ ያው ነው፤ ጥያቄው ግን ሌላ ሆነ።

እንግዲህ ባላንስ ማለት ይህ ነው። ተጫዋቹ ሲያድግ ውሳኔው ዋጋ እንዳያጣ መጠበቅ። ዛሬም «ይህን ላድርግ ወይስ ያንን?» ብሎ በእውነት ማሰብ አለበት፤ ማደጉም በዓይኑ ሊታየው ይገባል። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ባላንስ የለም።

ያ ወጣት ቢሰማኝ የሚለውን አውቃለሁ። «ታዲያ ጠላት ካልጠነከረ ጨዋታው ይቀላላ!» አዎ፣ አዲስ ጠላት ይምጣ። ከበፊቱ የበረታም ይምጣ። እኔ የምቃወመው አሮጌው ጠላት ቁጥር ለብሶ ሲመለስ ነው። ዳገት የምትጨምረው አዲስ ቦታ ላይ ነው፤ ሰውየው የወጣውን ሐረጎ መልሰህ ቀጥ አታደርግበትም።

ለዚህ ደግሞ የባሕር ወንበዴ ታሪክን የመሰለ አስተማሪ የለም። ብላክቢርድ የሚባለውን ኤድዋርድ ቲችን ውሰዱ። በ1717 መጨረሻ ላ ኮንኮርድ የተባለች የፈረንሳይ ባሪያ ጫኝ መርከብ ማረከ። ክዊን አንስ ሪቬንጅ ብሎ ሰየማት፤ መድፎቿንም ወደ 40 አደረሰ። በጨዋታ ቋንቋ ሌቭሉ ጣሪያ ነካ። በግንቦት 1718 የቻርልስተንን ወደብ ለቀናት ዘግቶ ከተማዋን አስጨነቀ፤ የጠየቀው አንድ ሣጥን መድኃኒት ነበር። በሚቀጥለው ወር ያቺ ግዙፍ መርከብ ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ቦፈርት አጠገብ አሸዋ ላይ ተቀረቀረች። ሆን ብሎ ነው ያስቀረቀራት የሚሉ የታሪክ ሰዎች እንዳሉ መናገር አለብኝ። ሆን ብሎም ይሁን ተሳስቶ፣ 40 መድፍ የተሸከመች መርከብ ሆዷ ወደ ውሃው ጠልቆ ይገባል። ትንሽ ጀልባ እንደልቧ የምትገባበት ጥልቀት የሌለው ወሽመጥ ለእሷ ወጥመድ ነው። የተሳቢው ኩርባ ማለት ይህ ነው።

አሟሟቱን ደግሞ እዩት። ኅዳር 22 ቀን 1718 የመጣበት ሮበርት ሜይናርድ የሚባል ሌተናንት ነው። የላከው የቨርጂኒያው አገረ ገዥ ስፖትስዉድ ነበር። ባለ 80 መድፍ መርከብ ይዞ አልመጣም። ሁለት ትንንሽ መርከቦች ብቻ ይዞ መጣ፤ መድፍ እንኳ አልነበራቸውም። ትንሽ ስለሆኑ ግን ብላክቢርድ የተደበቀበት ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ መግባት ቻሉ። ሜይናርድ ሰዎቹን ከመርከቡ ወለል በታች ደበቃቸው። ብላክቢርድ አብዛኞቹ አልቀዋል ብሎ ዘሎ ሲገባ ከሥር ወጡበት። ጠላቱ በቁጥር አልበለጠውም። ሌላ ዓይነት ጥያቄ ይዞበት መጣ እንጂ። ደግሞም ያን ሌተናንት የጠራበት የራሱ ዝና ነው። ማንም የማያውቀውን ጀማሪ ወንበዴ የሚያሳድድ አገረ ገዥ የለም።

ሰው ሲበዛም እንዲሁ ነው። ባርቶሎሚው ሮበርትስ በሚባለው ሌላ ወንበዴ መርከብ ሕግ ካፒቴኑ ከዘረፋው ሁለት ድርሻ ነበር የሚወስደው፤ ተራው መርከበኛ አንድ። ሠላሳ ሰው ሲሆን ድርሻው ወፍራም ነው። ሁለት መቶ ሲሆን ያው ወርቅ ለእያንዳንዱ ኪስ ጠብ አይልም። በ1987 የወጣው የሲድ ማየር የባሕር ወንበዴዎች ጌም ይህን በደንብ ገብቶታል። ሠራተኛህ በበዛ ቁጥር ድርሻው ይሳሳል፤ ጉዞው በረዘመ ቁጥር ማጉረምረሙ ይጨምራል፤ አንተም ታረጃለህ፤ እጅህ ከሰይፉ ጋር ይዘገያል። ጠላትን በቁጥር ማሳበጥ ሳያስፈልገው የኃያሉን ካፒቴን ራስ ያዞራል። ከወጣ አሥርት ዓመታት ቢያልፉም ለእኔ ዛሬም ትምህርት ቤት ነው።

ቁጥር ጭራሽ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ቁጥር ያስፈልጋል፤ የቱ ቁጥር ነው ጥያቄው። ብዙ ሰው የጠላትን ጡንቻ ይቆጥራል፤ የጠላትን ተራ ግን አይቆጥርም። አራት ተጫዋቾች በአንድ ኃያል ካፒቴን ላይ ሲነሱ፣ እሱ አንድ ጊዜ ሲንቀሳቀስ እነሱ አራት ጊዜ ይንቀሳቀሳሉ። የቱንም ያህል ቢገዝፍ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነው። ተገላቢጦሹም ይሠራል። ሃያ ተራ መርከበኞች አንዱን ጀግና ከበው እያንዳንዳቸው የመምታት ዕድላቸው 25 በመቶ ቢሆን፣ በየዙሩ በአማካይ አምስት ምት ያርፍበታል። ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለው የጠረጴዛ ጨዋታ በ2014 ባወጣው አምስተኛ እትሙ ለዚህ ማባዣ አስቀምጧል። ሁለት ጠላት ሲሆን የችግሩ ክብደት በ1.5 ይባዛል፤ ከሦስት እስከ ስድስት ሲሆኑ በ2፤ ከ15 ጀምሮ በ4። በዚያው እትም ተጫዋቹ ለሥልጠናው ብሎ ዳይሱ ላይ የሚደምረው ጭማሪ ከሌቭል 1 እስከ 20 ድረስ ከ2 ተነስቶ 6 ላይ ይቆማል። ቁጥሩን ሆን ብለው ዝቅ አድርገው ያዙት። ለዚህም ነው ተራ መርከበኛ ሃያ ሆኖ ሲመጣ እስከ መጨረሻው የሚያስፈራው።

እዚህ ላይ ማንም ያልጠየቀኝን ልጨምር፤ ካልተናገርኩ እረፍት አይሰጠኝም። አንደኛ፣ አማካይ ያታልላል። 65 በመቶ ዕድል ያለው ሰው አራት ጊዜ በተከታታይ የሚስትበት ዕድል 1.5 በመቶ ገደማ ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ግን በዓመት ውስጥ በየቅዳሜው ዳይስ ስትጥሉ ሳይደርሳችሁ አይቀርም። ስለዚህ በአንድ መጥፎ ምሽት ተነስታችሁ ሕግ አትቀይሩ። ሁለተኛ፣ የምናገረው ስለ ጠረጴዛ ጨዋታ ነው። እኔ የተጫዋቼን ፊት አያለሁ፤ ኮምፒውተር አያይም። ሰው ከሰው ጋር የሚፋለምበት ጌም ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ እዚያ የሰኞ ገበያው ሚዛን በመጠኑም ቢሆን ይሠራል።

ሦስተኛው ከሁሉም ይከብዳል፤ ማንም አያነሳውም። ብዙ ጨዋታ የሚፈርሰው በተጫዋቾቹ መካከል ባለው ሚዛን ነው። መድፈኛዋ በየውጊያው ስትደምቅ መርከብ መሪው ለሦስት ሳምንት ዳይስ ሳይነካ ቡና ብቻ ከጠጣ፣ አራተኛው ሳምንት ላይ «ሥራ አለብኝ» ብሎ ይቀራል። በቁጥር የሚታከም አይደለም። ለእሱ ሪፍ (ውሃ ሥር የተደበቀ ዐለት)፣ ጉም፣ የተሳሳተ ካርታ ማምጣት አለባችሁ።

ለአጎቴ ልጅ ጥያቄ መልስ ያገኘሁት ከሁለት ቅዳሜ በኋላ ነው። ያንኑ የነጋዴ መርከብ ጠባቂ መልሼ አመጣሁላት፤ ከነድሮ ቁጥሩ፣ 13። አሁን 2 ከወጣላት ይበቃታል፤ 95 በመቶ። ዳይሱን አንስታ ሳትጥለው ሰውየው ባንዲራዋን አይቶ ሰይፉን መርከቡ ወለል ላይ አስቀመጠ። ሳቀች። ዳይሱን በእጇ እንደጨበጠች ቆየች።

ከዚያ የመርከቡ ጸሐፊ ያየውን ሁሉ በደብዳቤ ለአገረ ገዥው እንደላከ ነገርኳት። ከሦስት ቀን በኋላ ደሴቷ ጋ ስትደርስ ወደቡ ተዘግቷል። ያለው ሌላ መግቢያ ጠባብ ወሽመጥ ነው፤ ትልቋ መርከቧ አትገባበትም፤ ትንሿ ጀልባ ግን ትገባለች። በጀልባ ከሄደች 30 መድፏን ጥላ መሄዷ ነው። ከቆመች ደግሞ የሁለት መቶ ሰው ውሃ በአራት ቀን ያልቃል። አራቱም በአንድ ጊዜ ማውራት ጀመሩ። መርከብ መሪው ካርታውን ወደ ራሱ ጎተተ። ሦስተኛው ቡና ተቀድቶ ጠረጴዛው ላይ ቀዘቀዘ፤ ማንም አላነሳውም።