የአሮጌ ዲጂታል ኪቦርድ የድምፅ መውጫ ማሻሻያ ምንድን ነው?

የድምፅ መውጫ ማሻሻያ የሚባለው፣ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1980ዎቹ ተሠርተው ዛሬም በሚያገለግሉ ዲጂታል ኪቦርዶች ውስጥ፣ በቁጥር የተሰላው ድምፅ ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ ከሚለወጥበት ቦታ አንሥቶ ኬብሉ እስከሚሰካበት ጃክ ድረስ ያለውን የሰርኪዩት ክፍል ማደስ ወይም አስቦ መለወጥ ነው። ሥራው ድምፁን የሚፈጥረውን ቺፕ አይነካም፤ በኪቦርዱ ውስጥ የተቀመጡትን የድምፅ ዓይነቶችም አይለውጥም። የሚመለከተው ድምፁ ከተፈጠረ በኋላ የሚያልፍበትን የመጨረሻ መንገድ ብቻ ነው። ይህ መንገድ በቦርዱ ላይ ጥቂት ቦታ ይይዛል፤ ኪቦርዱ ሰርግ ድንኳን ውስጥ ጎልቶ ወይም ሳስቶ የሚሰማው ግን ብዙ ጊዜ በእርሱ ምክንያት ነው።

ነገሩን ለመረዳት ከያማሃ ዲኤክስ 7 መጀመር ይቀላል። በ1983 ለገበያ የቀረበው ይህ ኪቦርድ የተሠራው፣ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ጆን ቻውኒንግ በ1967 በደረሰበት የኤፍኤም ስልት፣ ማለትም የአንዱን ሞገድ ድግግሞሽ በሌላ ሞገድ በፍጥነት በማወዛወዝ አዲስ የድምፅ ቀለም በሚፈጥር ስልት ነው። ለእያንዳንዱ ኖታ 6 ሞገድ አመንጪዎች ይሠራሉ፤ 16 ኖታዎችም በአንድ ጊዜ ሊሰሙ ይችላሉ። ይህ ሁሉ በሰከንድ 49 ሺህ ጊዜ ያህል በቁጥር ይሰላል። ቁጥር ግን ስፒከር አያንቀሳቅስም። ስለዚህ ባለሙያዎች ዳክ የሚሉት መለወጫ እያንዳንዱን ቁጥር ተቀብሎ ተመጣጣኝ ቮልቴጅ ያወጣል። የዲኤክስ 7 መለወጫ ባለ 12 ቢት ስለሆነ፣ ማለትም እያንዳንዱን ቁጥር በ12 የ0 እና የ1 አሃዞች ስለሚቀበል፣ የሚያውቃቸው የቮልቴጅ ደረጃዎች 4096 ብቻ ናቸው፤ ረጋ ያሉ ድምፆች በእነዚህ ጥቂት ደረጃዎች እንዳይሻክሩ ከመለወጫው ጋር የሚሠራ የመጠን ማስተካከያ ተጨምሮለታል።

ከመለወጫው የሚወጣው ሞገድ ልሙጥ አይደለም። ከጣርማ በር ቁልቁል ሲመለከቱት እንደሚታይ የእርከን ማሳ፣ ጥቂት ይሄድና ይወርዳል፣ ጥቂት ይሄድና ይወጣል። የእርከኖቹ ጠርዞች በዋናው ድምፅ ውስጥ ያልነበሩ ከፍተኛ ድግግሞሾችን ይወልዳሉ። ለምሳሌ አንድ ኪቦርድ በሰከንድ 20 ሺህ ቁጥር የሚያወጣ ቢሆን፣ የ5 ሺህ ኸርዝ ድምፅ ሲጫወት ከ20 ሺህ ላይ 5 ሺህ ተቀንሶ የሚገኘው የ15 ሺህ ኸርዝ ጥላ አብሮት ይወጣል፤ ይህንንም ጆሮ ይሰማዋል። ይህን ጥላ ለማስቀረት ከመለወጫው ቀጥሎ ከፍተኛውን ድግግሞሽ የሚያግድ ማጣሪያ ይቀመጣል። ከማጣሪያው ቀጥሎ ኦፕ አምፕ የሚባለው የማጉያ አይሲ፣ የድምፅ መጠን መቆጣጠሪያው፣ ቋሚውን ቮልቴጅ አግዶ ተለዋዋጩን ሞገድ የሚያሳልፈው ካፓሲተር፣ በመጨረሻም ጃኩ ይገኛሉ። የመውጫ ማሻሻያ የሚባል ሥራ ሁሉ ከእነዚህ አንዱን የሚነካ ነው።

ከሁሉም አስቀድሞ የሚታየው ካፓሲተሩ ነው። እኔ በደብረ ብርሃን የድምፅ ዕቃዎችን ስጠግን ከገጠሙኝ ያረጁ ኪቦርዶች አብዛኞቹ የሚያስፈልጋቸው ማሻሻያ ሳይሆን ወደ ቀድሞው መመለስ ነበር። ኤሌክትሮሊቲክ የሚባለው ካፓሲተር በውስጡ እርጥብ ኬሚካል የያዘ ነው፤ ኬሚካሉ በዓመታት ውስጥ ቀስ በቀስ ሲደርቅ ካፓሲተሩ የመያዝ አቅሙን ያጣል። የዚህን ውጤት በቁጥር ማየት ይቻላል። አዲስ የ10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር 10 ኪሎ ኦም መግቢያ ካለው ሚክሰር ጋር ሲገናኝ ድምፅ መቀነስ የሚጀምረው ከ1.6 ኸርዝ አካባቢ ወደ ታች ስለሆነ ጆሮ የሚያጣው ነገር የለም። ይኸው ካፓሲተር ደርቆ 0.2 ማይክሮፋራድ ብቻ ቢቀረው ግን የመቁረጫው ነጥብ ወደ 80 ኸርዝ ይወጣል። ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ ዝቅተኛው ኖታ ደግሞ 65 ኸርዝ ገደማ ነው። በሰርግ ላይ ግራ እጁን በእነዚያ ቁልፎች ላይ አድርጎ ቤዝ የሚመታ ተጫዋች፣ ምቱ ለምን ኃይል እንዳጣ ሳያውቅ የሚክሰሩን ቤዝ እየጨመረ ያመሻል።

የአካባቢያችን አየር ይህን ጉዳት ያፋጥነዋል፤ ያጋልጠዋልም። የኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር ዕድሜ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በጨመረ ቁጥር በግማሽ ገደማ እንደሚያጥር ይቆጠራል፤ ስለዚህ ሸዋ ሮቢት ውስጥ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የከረመ ኪቦርድ ቶሎ ያረጃል። ቅዝቃዜ በበኩሉ የካፓሲተሩን የመያዝ አቅም ይቀንሳል፤ የውስጥ መቋቋሙንም ይጨምራል። ከሸዋ ሮቢት አንድ ሙዚቀኛ ያመጣልኝ ኪቦርድ ይህን በግልጽ አሳይቶኛል። እርሱ ዘንድ ድምፁ ጥቂት የሳሳ ብቻ ነበር። ደብረ ብርሃን አድሮ፣ ውርጭ በወረደበት የታኅሣሥ ጠዋት ስንከፍተው ግን ከታች ያሉት ኖታዎች ሊሰሙ አልቻሉም፤ ግማሽ ሰዓት ያህል በርቶ ውስጡ ከሞቀ በኋላ ቀስ እያሉ ተመለሱ። ቺፕ ቢበላሽ ኖሮ እንዲህ ያለ ጠባይ አያሳይም ነበር። ከሙቀት ጋር የሚሄድና የሚመጣ ቤዝ ሲያጋጥም መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት የደረቀ ካፓሲተር ነው።

መቀየሪያው አቅሙ እኩል፣ የሚችለው ቮልቴጅ እኩል ወይም ከፍ ያለ፣ የሙቀት ልኩም 105 ዲግሪ የተጻፈበት ቢሆን ይመረጣል። አሉታዊውና አዎንታዊው እግር ከመንቀሉ በፊት ሊታይና ሊመዘገብ ይገባል፤ ተገልብጦ የተበየደ ካፓሲተር ይግላል፣ ያብጣል፣ ሊፈነዳም ይችላል። በቦርዱ ላይ የታተመውን ምልክት ብቻ ከማመን፣ ሁለቱ ነጥቦች መካከል ያለውን ቋሚ ቮልቴጅ በቴስተር ለክቶ አቅጣጫውን ማረጋገጥ ይሻላል።

ሁለተኛው ሥራ ኦፕ አምፑን መለወጥ ሲሆን፣ ከሁሉ ይልቅ የሚወራለት ይህ ነው። በዚያ ዘመን በተሠሩ ብዙ ዕቃዎች ውስጥ የሚገኘው 4558 የተባለው አይሲ ተነቅሎ፣ የእግሮቹ አቀማመጥ ተመሳሳይ የሆነው፣ ሹክሹክታው (ከድምፁ ሥር የሚሰማው የሽሽታ ድምፅ) ዝቅ ያለ 5532 ይተካል። እዚህ ላይ ሒሳቡን ማየት ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ቢት በድምፁና በመለወጫው ሹክሹክታ መካከል 6 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን ልዩነት መለኪያ) ያህል ርቀት ይሰጣል፤ ስለዚህ ባለ 8 ቢት መለወጫ ወደ 48፣ ባለ 12 ቢት ወደ 72፣ ባለ 16 ቢት ወደ 96 ዴሲቤል ይደርሳል። ሹክሹክታው ከመለወጫው የተወለደ ከሆነ፣ ከእርሱ በኋላ የሚቀመጥ አይሲ ምንም ያህል ቢጠራ ሊያስቀረው አይችልም። በባለ 8 ቢት ኪቦርድ ላይ ኦፕ አምፕ በመቀየር ጥራት መፈለግ፣ ምንጩ ደፍርሶ ሳለ እንስራውን እንደማጠብ ነው። ከዚህም በላይ 5532 ከ4558 ሁለት እጥፍ ያህል ኤሌክትሪክ ይስባል፤ የኪቦርዱ ፓወር ሰፕላይ ይህን መሸከሙ መታየት አለበት። ፈጣን አይሲዎች በአሮጌ ቦርድ ላይ ራሳቸው ጆሮ የማይሰማው ከፍተኛ ሞገድ ማመንጨት ስለሚቀናቸው፣ ከኃይል መቀበያ እግሮቻቸው አጠገብ የ100 ናኖፋራድ ካፓሲተር ማስቀመጥ አስፈላጊ ነው። በእኔ እምነት አሮጌው አይሲ ካልተበላሸ በቀር ይህ ለውጥ ከሚወራለት ጥቅም ያነሰ ይሰጣል፤ ብዙ ጊዜ አይሲው አመጣው የሚባለው መሻሻል አብሮት የተቀየረው አዲስ ካፓሲተር ያመጣው ነው።

ማጣሪያውን መለወጥ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ይህ የኪቦርዱን ባሕርይ ይነካል። በማጣሪያው ውስጥ ያሉት ሬዚስተሮች ወይም ካፓሲተሮች መጠናቸው ሲቀነስ የመቁረጫው ነጥብ ከፍ ይላል፤ ድምፁ ይደምቃል፣ ቀደም ሲል ታግደው የነበሩት ጥላዎችም አብረው ይገባሉ። ይህን ጥፋት ብቻ ብሎ መፈረጅ አይቻልም። የበገና አውታር በርኩማው ላይ በሚደረገው ትንሽ ቆዳ፣ በእንዚራው ምክንያት ይነዝራል፤ ያ ንዝረት ቢወገድ የቀረው ድምፅ የበገና አይሆንም። እንደዚሁ በሰከንድ ጥቂት ቁጥር ብቻ የሚያወጡ ኪቦርዶችን ሻካራነት ለይተው የሚወዱ ተጫዋቾች አሉ፣ ውዴታቸውም ተገቢ ነው። ሆኖም የነበረውን ድምፅ ላለማጣት ሲባል ማጣሪያውን ነቅሎ ከመጣል፣ ማብሪያ ማጥፊያ ገጥሞ በአሮጌውና በአዲሱ መንገድ መካከል መምረጥ እንዲቻል ማድረግ ይገባል።

ጃኩ አካባቢ የሚሠራው ሥራ ቀላል ቢሆንም በመድረክ ላይ የሚሰጠው ጥቅም ትልቅ ነው። የዚያ ዘመን ኪቦርዶች መውጫ በአብዛኛው አንድ የምልክት ሽቦና አንድ ግራውንድ ብቻ ያለው ስለሆነ፣ በጄኔሬተር በሚሠራ ሰርግ ላይ ረጅም ኬብል ሲዘረጋ የ50 እና የ100 ኸርዝ እምምታ፣ ማለትም ከኤሌክትሪክ መስመሩ የሚመጣ የማያቋርጥ ጉርምርምታ፣ ይገባበታል። ለዚህ መፍትሔው ዲአይ ቦክስ (ምልክቱን ለረጅም ኬብል በሚስማማ መንገድ በሁለት ሽቦ የሚልክ ትንሽ ሣጥን) መጠቀም ወይም በኪቦርዱ ውስጥ ትንሽ የድምፅ ትራንስፎርመር መግጠም ነው። እምምታውን ለማጥፋት ሲባል የሶኬቱን የኧርዝ እግር መቁረጥ ግን የተጫዋቹን ሕይወት አደጋ ላይ ስለሚጥል ፈጽሞ መደረግ የለበትም።

ክዳኑ ከመከፈቱ በፊት መደረግ ያለበት አንድ ነገር አለ። ዲኤክስ 7ን በመሰሉ ኪቦርዶች ውስጥ ተጫዋቹ ያዘጋጃቸው ድምፆች የሚቆዩት በውስጥ ባትሪ ኃይል ስለሆነ፣ አስቀድመው ኪቦርዱ ላይ በሚሰካ የማስቀመጫ ካርትሪጅ ወይም ኪቦርድን ከኮምፒውተር ጋር በሚያገናኘው የሚዲ መስመር በኩል በኮምፒውተር ላይ ሊቀመጡ ይገባል። ከጃፓን ገበያ የመጣ ኪቦርድ ደግሞ ለ100 ቮልት የተሠራ ሊሆን ስለሚችል፣ ከእኛ 220 ቮልት ጋር ከመገናኘቱ በፊት ጀርባው ላይ የተጻፈው መነበብ አለበት።

የሸዋ ሮቢቱን ኪቦርድ የከፈትኩት በዚህ አኳኋን ነበር። ከመውጫው አጠገብ የነበሩትን ሁለት ካፓሲተሮች ብቻ ቀየርኩ፤ ኦፕ አምፑንና ማጣሪያውን አልነካሁም። የነቀልኳቸውን በትንሽ ፌስታል አድርጌ፣ የተቀየሩበትን ቀንና መጠናቸውን ከጻፍኩበት ወረቀት ጋር ክዳኑ ውስጥ ለጠፍኩ። በማግስቱ ጠዋት ውርጩ ሳይነሣ አብርተን የታችኛውን ቁልፍ ስንነካ፣ ቤዙ ገና ከመጀመሪያው ምት ሙሉ ሆኖ ወጣ።